«አንድም» የራቀው ንባብ፤ ገድለ ወለተ ጴጥሮስና አንባቢዎቿ

ሥነ ጽሑፍ የኅብረተሰብ መስታወት ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይሁን እንጂ መስታወቱ የሚያሳየው በውስጡ የተሣሉትን ሰዎች ብቻ አይደለም፤ ፊት ለፊቱ ቆሞ የሚያነበውንም ሰው ጭምር ነው። አንባቢው በአንድ መጽሐፍ ላይ የሚያነሣው ቁጣ፣ ሊሸሽገው የሚፈልገው ገጽ፣ እንዳይነሣ የሚከላከለው ጥያቄ፣ ስለ መጽሐፉ ከሚገልጸው ይልቅ ስለ አንባቢው የሚገልጸው የሚበልጥበት ጊዜ አለ። በገድለ ወለተ ጴጥሮስ ዙሪያ በቅርብ ዓመታት የተነሣው ክርክር ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ክርክሩ በአንድ የግእዝ መጽሐፍ ትርጉም ላይ ተጀመረ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን መጽሐፉ ተረሳ። በቦታው የቆመው፣ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ያላቸው ሰዎች በኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ውስጥ ስማቸው እንኳ ሊነሣ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከጋፋት መነሣት ይጠቅማል። ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ የምትገኘው ይህች ስፍራ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት፣ በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ የመድፍ መሥሪያ ነበረች። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ የተሠራው በዚህች ስፍራ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የባለ እጅን ጥበብ አጥብቀው ይሹ ነበር፤ ሞያ ያለውን ሰው ከሩቅም ከቅርብም ሰብስበዋል። በዙሪያው የነበረው ኅብረተሰብ ግን ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያለ ይሸሸው ነበር። ማረሻውንና ማጭዱን ከእጁ ይቀበላል፤ ከማዕዱ ግን አይቀርብም። ሴት ልጁን አይድርለትም፤ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞራል እያለ ሕፃናቱን ያስፈራራበታል። በዚሁ አካባቢ ይኖሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል ብረት ሠሪዎችና ሸክላ ሠሪዎች ይህን ፍርድ ለብዙ ዘመን ተሸክመውታል። ባለ እጅን በሞያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ እስከ መነገር ደርሷል። አዋጁ ስድቡን በአንድ ቀን አላጠፋውም፤ ቢሆንም ስድቡ ስድብ መሆኑን በይፋ አስታውቋል።

ከጋፋቱ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት የጭፍን ጥላቻ አሠራር ነው። ጥላቻ አስቀድሞ ስም ያወጣል፤ ስሙም ሰውየውን ከሰው ተራ ያስወጣዋል። ቀጥሎ ተረት ይፈጥራል፤ ተረቱም ማስረጃ የማይጠየቅበት ማስረጃ ይሆናል። በመጨረሻ ዝምታን ያሰፍናል፤ የተጠላው ሰው ስለ ራሱ ሲናገር እንዳይሰማ፣ የሚሰማውም ሰው ነገሩ ይጋባበታል ተብሎ እንዲፈራ ያደርጋል። እነዚህ ሦስት እርምጃዎች ከብረት ቀጥቃጩ ጋር የቀሩ አይደሉም። በሌላ ዘመን፣ በሌላ ሰው ላይ፣ በዚያው ቅደም ተከተል ሲደገሙ ይታያሉ።

ከጋፋት ቁልቁል፣ በጣና ሐይቅ ዳር በደራ የምትገኘው ቆራጣ ከዚህ ታሪክ ጋር ትገናኛለች። በ1866 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም በቆራጣ በሰፈሩ ጊዜ የጋፋት ባለ እጆች ወደዚያ ወርደው አብረዋቸው ተቀምጠው ነበር። ቆራጣ ግን ከዚያ አስቀድሞ የታወቀችው በቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ስም ነው። በስሟ የተሠራው ገዳም ያለው በዚያ ሲሆን፣ ከተማዪቱም ለረጅም ዘመን የመማጸኛ ስፍራ ሆና ኖራለች። ሸሽቶ የገባባት ሰው አሳዳጁ እጁን አያነሣበትም ይባል ነበር።

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በ1592 እ.ኤ.አ. ተወልዳ በ1642 እ.ኤ.አ. ያረፈች እናት ናት። ባሏ መልክአ ክርስቶስ ከአፄ ሱስንዮስ ታላላቅ ሹማምንት አንዱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ካቶሊክ እምነት ባዘነበሉ ጊዜ፣ በ1617 እ.ኤ.አ. አቡነ ስምዖን ሲገደሉ ባሏ ከንጉሡ ወገን መቆሙን አይታ ቤቷንና ሀብቷን ትታ መነኰሰች። ለአሮጌው እምነት ቆማ ተከራከረች፣ ተከሰሰች፣ ወደ ዠበይ ተጋዘች። በጣና ዙሪያና ከዚያም ውጭ ወንዶችና ሴቶች የተሰበሰቡባቸውን ማኅበራት መሠረተች። ገድሏን ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ በ1672 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ ጸሐፊው የእርሷን ሥራ በዓይናቸው ያዩትን ሰዎች ቃል መሠረት አድርጎ የተነሣ በመሆኑ ገድሉ በሕያው ዝርዝር የበለጸገ ነው። ከኢትዮጵያ የሥነ ጽሑፍ ቅርሶች መካከል አንዲትን ሴት በቍጣዋም፣ በድካሟም፣ በአመራር ችሎታዋም እንደዚህ ቀርቦ የሚያሳይ ሥራ ጥቂት ነው።

ለክርክሩ መነሻ የሆኑት የገድሉ ቦታዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ወለተ ጴጥሮስና እኅተ ክርስቶስ የተገናኙበት ነው። እኅተ ክርስቶስም እንደ እርሷ ትዳሯን ትታ የመነኰሰች ሴት ናት። ጸሐፊው ሁለቱ ሴቶች ገና ከሩቅ ሲተያዩ በልባቸው ፍቅር እንዳደረ፣ ቀድሞ እንደሚተዋወቁ ሰዎች እንደ ሆኑ፣ ከዚያ ወዲያ ሞት እስኪለያቸው ድረስ ልባቸው እንዳልተለያየ ይተርካል። ወለተ ጴጥሮስ ስታርፍ ማኅበሩን ተረክባ የመራችው እኅተ ክርስቶስ ናት። ጸሐፊው ይህን ሁሉ የሚነግረው ያለ እፍረትና ያለ ማመካኛ ነው። ሁለተኛው ቦታ አጭር ነው። ቅድስቲቱ በአንድ ምሽት ወጣት መነኮሳይያት ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲላፉ አይታ ልቧ ክፉኛ እንዳዘነና ወደ አምላኳ እንደ ጮኸች የሚናገር ነው።

ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ገድሉን በ1912 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ፓሪስ ከሚገኘው ከአንቷን ዳባዲ ስብስብ በተገኘ ቅጂ ነበር። ላንፍራንኮ ሪቺ በ1970 እ.ኤ.አ. ወደ ጣሊያንኛ መለሱት። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዌንዲ ሎራ ቤልቸርና ሚካኤል ክላይነር የተለያዩ ቅጂዎችን አስተያይተው ወደ እንግሊዝኛ ተርጕመው በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አወጡት። በዚህ ትርጉም ሁለተኛው ቦታ የመነኮሳይያቱን የሥጋ ምኞት በግልጽ የሚናገር ሆኖ ቀረበ። ቤልቸር በቀጣዩ ዓመት ባሳተሙት ጥናት የሁለቱን እናቶች ወዳጅነት በሴቶች መካከል ያለ የጠለቀ ፍቅር አድርገው ተነተኑት። ከኢትዮጵያውያን ምሁራን ጠንካራ ተቃውሞ ተነሣ፤ በአውስትራሊያ የሚያስተምሩት ይርጋ ገላው ወልደየስ በ2020 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሰፊ ሂስ ትርጉሙ የገድሉን መንፈስ ያጣመመና በቅኝ ገዥ ዓይን የተሠራ ነው ሲሉ ተከራከሩ።

በቅድሚያ የተቃዋሚዎቹን እውነት በሚገባው ሚዛን መመዘን ተገቢ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረችን መነኩሲት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በምዕራቡ ዓለም በተቀረጸ የማንነት ስም መጥራት አደጋ አለው። ለጸሐፊው ለገላውዴዎስ ዓለም በጾምና በስግደት፣ በቃል ኪዳንና በምልጃ የተሠራ ነው፤ የሁለት እናቶች ፍቅርም በዚያ ዓለም ውስጥ የራሱ ትርጉም አለው። የኢትዮጵያ ብራናዎች በፓሪስና በለንደን ተቀምጠው ትርጓሜያቸውን የሚወስነው የውጭ ምሁር መሆኑ የሚያሳዝነው ሰው ምክንያት አለው። በመቅደላ በ1868 እ.ኤ.አ. የተዘረፈውን የሚያስታውስ ሕዝብ፣ ከዚያ ዘረፋ በኋላ ደግሞ የትርጉም ዘረፋ መጣ ብሎ ቢጠረጥር የሚያስደንቅ አይደለም። አንዲት ግሥ በቅጂዎች መካከል እንዴት እንደ ተጻፈች፣ ምንስ ማለት እንደ ሆነች መጠየቅም የሂስ ሁሉ መጀመሪያ ነው። የግእዝ ጸሐፍት በድምፅ የተመሳሰሉ ፊደላትን ሲያለዋውጡ መኖራቸው በሞያው ዘንድ የታወቀ ነው። አማርኛው «መላፋት» የሚለው ቃል እንኳ ጨዋታንና ምኞትን በአንድ አፍ ይዞ እንደሚኖር ማስተዋል ይበቃል።

እስከዚህ ድረስ ክርክሩ የሊቃውንት ክርክር ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ውይይቱ ከጥናት መጽሔት ወጥቶ ወደ ሰፊው ሕዝብ ሲደርስ የጠበቀው ጥያቄ «ቃሉ ምን ይላል?» የሚል አልሆነም። «እንዲህ ያለ ነገር ከቅድስት ስም ጋር እንዴት ይነሣል?» የሚል ሆነ። ጥያቄው የጽሑፍ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የስድብ ጥያቄ ሆነ ማለት ነው። አንድ ነገር ስድብ የሚሆነው ግን የተነካው ሰው በቅድሚያ የተናቀ ሲሆን ብቻ ነው። «ቡዳ» የሚለው ቃል ስድብ የሆነው ብረት ቀጥቃጩ አስቀድሞ ስለ ተናቀ ነው። ሴትን የምትወድ ሴት ስም ከቅድስት ስም አጠገብ መቆሙ ብቻውን ርኵሰት ከሆነ፣ ክርክሩ ስለ ገድሉ የሚያስረዳው ነገር የለም፤ የሚያስረዳው ስለ ንቀቱ ነው።

በዚህ ላይ አንድ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ሁለተኛው ቦታ በየትኛውም ንባብ ቢነበብ ቅድስቲቱን አይነካትም። ገድሉ ድርጊቱን አያወድስም፤ እርሷም ታዝናለች፣ ትጮኻለች። በመሆኑም «ቅድስቲቱ ተሰደበች» የሚለው ቍጣ በራሱ በጽሑፉ ላይ መሠረት የለውም። ከዚህም በላይ ያ ቦታ እንደ አዲሶቹ ተርጓሚዎች ከተነበበ ሌላ ነገር ያስተምራል። የአንድን ጾታ ፍቅር ከባሕር ማዶ የመጣ፣ በዘመናዊነት የተጫነ እንግዳ ልማድ ነው የሚለው ተደጋጋሚ አባባል በቆራጣ ገዳም ትውፊት ፊት ያንገዳግደዋል። በግብፅ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተሰናድቶ በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን የተሠራበት ፍትሐ ነገሥትም ጉዳዩን በኃጢአትና በቅጣት ተራ ያነሣዋል። የማይኖርን ነገር የሚከለክል ሕግ የለም። ሰው በየትም አገር ሰው ነውና በሰው ዘንድ ያለው በዚህም አገር ነበረ፤ አለም።

ለዚህ ክርክር የሚስማማውን ሚዛን ከሩቅ አገር ማስመጣት አያስፈልግም ነበር። በቅርብ አለ። የደቡብ ጎንደር ምድር የትምህርት ምድር ነው። የደብረ ታቦር የተክሌ አቋቋም፣ የጋይንቱ ቤተ ልሔም ድጓ፣ የዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት ለመላው ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትን ያፈሩ ናቸው። በጎንደር ሊቃውንት ዘንድ ደግሞ የመጻሕፍት ትርጓሜ በላይ ቤትና በታች ቤት ተከፍሎ ኖሯል። የዚህ ትምህርት ትልቁ ሀብት «አንድም» የሚለው ቃል ነው። መምህሩ አንድን ንባብ ይተረጕምና «አንድም» ብሎ ሌላውን ያመጣል፤ ከዚያ ሦስተኛውን ይጨምራል። ሁለተኛው ትርጓሜ የመጀመሪያውን አይሰድበውም፤ የሚጥለውም ቢሆን አስቀድሞ አድምጦት ነው። ገድል እንደ ቅዱሳት መጻሕፍት ሙሉ የአንድምታ ትርጓሜ ባይሠራለትም፣ የማንበቡ ሥርዓት ግን ለማንኛውም ጽሑፍ ይሆናል። የቅኔው ሰምና ወርቅም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ ከላይ የሚታየው መልክ ብቻውን መልክ እንዳልሆነ።

በዚህ መንገድ ቢነበብ ኖሮ የሁለቱ እናቶች ፍቅር አንድም የመንፈስ እኅትማማችነት ነው፤ አንድም ባሎቻቸውን፣ ቤታቸውንና ዘመዶቻቸውን የተዉ ሁለት ሴቶች በአስጨናቂ ዘመን እርስ በርስ የሠሩት ቤት ነው፤ አንድም በዛሬው ቃል ስም የሚፈለግለት ጥልቅ መውደድ ነው ማለት ይቻል ነበር። ከሦስቱ የትኛው እንደሚበልጥ ደግሞ በቃልና በቅጂ ማስረጃ መከራከር ይገባል። የጠፋው ይህ ነው። አዲሱ ንባብ አንዳንድ ጊዜ «አንድም» ማለትን ረስቶ የራሱን ዘመን ስም ብቻውን አቆመ። ተቃውሞው ደግሞ ከዚያ አልፎ «አንድም» የሚለውን አፍ ጭምር መዝጋት ፈለገ። የመጀመሪያው የሞያ ጕድለት ነው፤ ሁለተኛው ግን ሰው የሚጎዳበት ነው።

ሰው እንደሚጎዳበት የቅርቡ ዘመን ይመሰክራል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600 ከተመሳሳይ ጾታ ጋር የሚፈጸመውን ግንኙነት በወንጀልነት ደንግጎ ነበር። በ1966 ዓ.ም. የፈነዳው አብዮት መሬትን ከባለ መሬቱ ነጥቆ፣ የባለ እጁን ክብር ሰብኮ ሲያልፍ ይህን አንቀጽ አልነካውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 አጸናው። በ2001 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ፣ የእስልምናና የፕሮቴስታንት መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥት እንዲጻፍ ጠየቁ። በሌላ በሌላው ጉዳይ እምብዛም በአንድ ጠረጴዛ የማይታዩት የሃይማኖት ተቋማት በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል መሆናቸው ለትዝብት የሚበቃ ነው። በ2006 ዓ.ም. ወንጀሉ ከይቅርታ ውጭ እንዲሆን የሚያደርግ ረቂቅ ቀርቦ ነበር፤ ረቂቁም፣ ለዚሁ የተጠራው ሰላማዊ ሰልፍም ቀሩ። በ2011 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ አስጎብኚ ድርጅት የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መንገደኞችን ወደ ላሊበላና ወደ ሌሎች ታሪካዊ ስፍራዎች ሊያመጣ መሆኑ ሲሰማ፣ ከሃይማኖት ማኅበራት ተቃውሞና ከየአቅጣጫው የግድያ ዛቻ ተከትሎ ጉዞው ተሰረዘ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ የጸጥታ ኃይል በሕዝብ ጥቆማ ተመርቶ በሆቴሎችና በመዝናኛ ቤቶች ላይ አሰሳ ማድረጉን አስታወቀ። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ጠቋሚ እንዲሆን በይፋ ሲጠራ፣ የጋፋቱ ተረት በከተማ ልብስ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ሃይማኖት ስለ ትዳርና ስለ ንጽሕና የራሱን ሥርዓት ማስተማሩ መብቱ ነው፤ ሐያሲ ይህን ሊከለክል አይችልም። ነገር ግን ትምህርትና ጥላቻ አንድ አይደሉም። ኃጢአት ነው ብሎ የሚያስተምር መምህር ደቀ መዝሙሩን ለዱላ አይሰጥም። ስሙን ራሱን መመልከት ይጠቅማል። «ግብረ ሰዶም» የሚለው መጠሪያ ከኦሪት የተወሰደ ነው፤ ነቢዩ ሕዝቅኤል ግን የሰዶምን በደል ሲዘረዝር አስቀድሞ የሚያነሣው ትዕቢትን፣ ጥጋብንና የድኻን እጅ አለመያዝን ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ያለው ታሪክም በእንግድነት ከቤት ጥላ ሥር በገቡ ሰዎች ላይ የከተማ ሕዝብ ተሰብስቦ የተነሣበት የዓመፅ ታሪክ ነው። የተጠጋን ሰው በር ሰብሮ ለማውጣት የሚሰበሰብ ሕዝብ በዚያ ታሪክ ውስጥ የትኛውን ቦታ እንደሚይዝ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

በአንጻሩ ደግሞ የተጠሉት ሰዎች ለራሳቸው ያወጡት ስም አለ። የማኅበራዊ ጥናት ባለሙያው ጌትነት ታደለ በአዲስ አበባ ያደረጉት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ወንድን የሚወዱ ወንዶች እርስ በርሳቸው «ዜጋ» ይባባላሉ። በምሥጢር የሚነገር ቃል ነው፤ ለማያውቀው ሰው ተራ ቃል ነው። ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ሐያሲ ግን ሊያልፈው አይችልም። ሰሙ መሸሸጊያ ነው፤ ወርቁ ጥያቄ ነው። ከአገሩ ልማድ ውጭ ነህ የተባለ ሰው ራሱን የአገሩ ልጅ ብሎ ጠርቷል። ማንም ጸሐፊ ሳይነግረው፣ ማንም ባለ ቅኔ ሳያስተምረው፣ ከአማርኛ መዝገብ ውስጥ የሕግንና የአባልነትን ቃል መርጦ አወጣ። ኢትዮጵያውያን ደራስያን ይህን ሰው በልቦለድም ሆነ በተውኔት ከመሳለቂያነት ወይም ከማስፈራሪያነት አልፈው ሙሉ ሰው አድርገው ለመሣል ብዙ ጊዜ አልደፈሩም። ደራሲው ያልደፈረውን ተሳዳጁ በአንድ ቃል ሠራው።

በዚህ ረገድ የመምህሩ፣ የኪነ ጥበብ ሰውና የሕዝብ አደራጁ ኃላፊነት ቀላል አይደለም። መምህሩ ገድለ ወለተ ጴጥሮስን ሲያስተምር አስቸጋሪዎቹን ገጾች ሊዘል አይገባውም፤ ሁለቱንም ንባብ ከነማስረጃው አቅርቦ ተማሪው እንዲመዝን ሊያደርግ ይችላል። ሠዓሊውና ጸሐፌ ተውኔቱ ብረት ቀጥቃጩን ከጅብነት አውጥተው ሰው አድርገው የሣሉበትን ዘመን ያስታውሱ፤ ያን ጊዜም ነገሩ ልማድን መድፈር ነው ተብሎ ነበር። አደራጁ ደግሞ ሕዝብ የሚሰበሰበው ለምን እንደ ሆነ መርምሮ ማወቅ ሞያው ነው፤ ጥላቻ ቁጥሩ የበዛ ሰው ስለ ደገፈው ብቻ የሕዝብ ጥቅም አይሆንም።

ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ከዚህ ሁሉ ክርክር በኋላም ታላቅ ሥራ ሆና ትኖራለች። ለንጉሥ ያልተንበረከከች ሴት፣ ስደትን የቀመሰች ሴት፣ አንዲት ሌላ ሴትን እስከ ሞት የወደደች ሴት በውስጧ ትናገራለች። ስሟ የተሸከማት ከተማ ሸሽቶ የመጣውን ሰው «ማን ነህ?» ብላ ሳትጠይቅ የምትቀበል መማጸኛ ነበረች። ቆራጣ በጣና ዳር ዛሬም አለች። ገድሏን ለመከላከል የሚቆም ሰው ሁሉ የከተማዪቱንም ሥርዓት አብሮ ሊከላከል ይገባዋል፤ አለበለዚያ የተከላከለው ስሟን እንጂ እርሷን አይደለም።